ዑድ የሚደመጥበት ቤት፦ የዲርቦርኑ ሙዚየም የሙዚቃ ምሽቶች

በሚሺጋን ግዛት፣ ከዲትሮይት ጋር ኩታ ገጠም በሆነችው በዲርቦርን ከተማ፣ ከቀድሞው ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት የሚገኘው የዓረብ አሜሪካውያን ብሔራዊ ሙዚየም በአብዛኛው የሚታወቀው ስለ ስደተኞች ታሪክ በሚያሳየው ዐውደ ርእይ ነው። እኔ እዚህ የምመዝነው ግን በምድር ቤቱ አዳራሽ የሚያዘጋጃቸውን የሙዚቃ ምሽቶች ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ የዓረብ ሙዚቃ እንዴት እንደሚደመጥ ማወቅ የሚሻ፣ ከዚያም በላይ ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሕዝብ ዘፈኑን እንዴት በክብር ሊያቆይ እንደሚችል ለማየት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ፣ በአሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ ሊሄድበት የሚገባው ቤት ይህ ነው እላለሁ። ቅር ያሰኙኝን ነገሮችም በየቦታቸው አነሣለሁ።

ይህን የምለው ለሙዚቃው አዲስ ሆኜ አይደለም። ቤይሩት ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ጧት ጧት ከየቤቱና ከየታክሲው የሚወጣው የሊባኖሷ ዘፋኝ የፌይሩዝ ድምፅ የቀኑ መጀመሪያ ነበር፤ ሊባኖስ የኖረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን እኅቶቻችን ቋንቋውንም ዘፈኑንም የተማሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ወጥ ቤት ቆመው፣ ለሌላ ሰው የተከፈተውን ሬዲዮ ከሩቅ እየሰሙ። ከዚያ ኑሮ የወጣን ሰዎች ዘፈኑን ከድካማችንና ከብሶታችን ለይተን መስማት ለረጅም ጊዜ ያቅተናል። ስለዚህ ትኬት ቆርጦ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ወንበር ይዞ፣ ያንኑ ሙዚቃ በራስ ጊዜና በራስ ፈቃድ ማዳመጥ ለእኔ ብጤ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። የቤቱ አቀባበል ይህን ያህል ልቤን የነካውም ለዚህ ነው፤ በር ላይ ያሉት ሠራተኞች ከየት እንደመጣሁ ሳይጠይቁ የፕሮግራሙን ወረቀት ሰጥተው መንገዱን አሳዩኝ፣ ከጎኔ የተቀመጡት እናት ደግሞ ዓረብኛ እንደምሰማ ሲያውቁ ልክ እንደ ጎረቤት ያጫውቱኝ ጀመር።

ቤቱ ይህን ጠባይ ያገኘው ከአመሠራረቱ ይመስለኛል። ያቋቋመው ባለጸጋ የሥነ ጥበብ ሰብሳቢ ወይም ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ «አክሰስ» በሚል አጭር ስም የሚታወቅ የማኅበረሰብ ድርጅት ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1971 በዲርቦርን ሲመሠረት ተግባሩ ሩዥ በተባለው የፎርድ መኪና ፋብሪካ ዙሪያ የሰፈሩትን አዳዲስ ስደተኞች መርዳት ነበር፤ ለማያነብ ማንበብ፣ ለማይናገር ማስተርጎም፣ ሥራ ለሌለው ሥራ ማፈላለግ። በዚያው ዓመት ፌይሩዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በአሜሪካ ከተሞች እየተዘዋወረች ዘፍናለች፤ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መግጠማቸው አጋጣሚ ቢሆንም፣ ስደተኛ እንጀራውንም ዘፈኑንም እኩል እንደሚፈልግ የሚያሳይ አጋጣሚ ነው። ሙዚየሙ ራሱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2005 ሲሆን፣ በአገሪቱ ለዓረብ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብቻ የቆመ የመጀመሪያው ሙዚየም ነው፤ የስሚዝሶኒያን ተቋም ተባባሪም ነው። ከ110 ሺህ ገደማ የዲርቦርን ነዋሪዎች ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በ2020 የሕዝብ ቆጠራ የዘር ግንዳቸው ከመካከለኛው ምሥራቅ ወይም ከሰሜን አፍሪካ እንደሚመዘዝ ያስመዘገቡ በመሆናቸው፣ ሙዚየሙ የሚናገረው ስለ ጎረቤቶቹ ነው ማለት ይቻላል።

ሕንፃውን በዝርዝር መግለጽ አያሻም፤ በሰማያዊ ጌጠኛ ሸክላ የተዋበ ፊት፣ በመሐሉ ጉልላት ያለው ግቢ መሰል አዳራሽና ፏፏቴ፣ በላይኛው ፎቅ ደግሞ ስደተኞቹ ከመርከብ ወርደው ከተማ እስኪሆኑ ድረስ ያለው ታሪክ። ወደ ሙዚቃው ልሂድ።

አዳራሹ ትንሽ ነው፤ ሁለት መቶ ሰው እንኳ አይይዝም። ለዚህ ዓይነት ሙዚቃ ትልቁ ጸጋው ይኸው ትንሽነቱ ነው ብዬ አምናለሁ። «ተኽት» የሚባለው የጥንቱ የዓረብ የሙዚቃ ጓድ ዑድ የተባለውን አንገተ አጭር ባለ ክር መሣሪያ፣ ቃኑን፣ ናይ፣ ቫዮሊንና ሪቅ የተባለውን ባለ ጽናጽል ከበሮ የያዙ ጥቂት ሰዎች የሚቀመጡበት ነው፤ እነዚህ መሣሪያዎች ድምፃቸው ለሳሎን እንጂ ለስታዲየም የተሠራ አይደለም። ናይ ተራ የሸምበቆ ዋሽንት ናት፤ ትንፋሹ ከድምፁ ቀድሞ ይሰማል፣ ይህ ትንፋሽ ከጠፋ ደግሞ ግማሽ ውበቷ ይጠፋል። ቃኑን በተዘረጋው ሰሌዳው ላይ ሦስት ሦስት ሆነው የተወጠሩ ክሮች አሉት፤ ከክሮቹ ሥር የተደረደሩትን ትንንሽ ብረቶች ደርዳሪው በግራ እጁ ጣቶች እያነሣና እየጣለ ድምፁን በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፣ ይህንንም በዘፈኑ መካከል፣ ሌላኛው እጁ ሳያቋርጥ ያደርገዋል። ከሦስተኛው ረድፍ ሆኜ የብረቶቹን ቅጭቅጭታ እሰማ ነበር። በትልቅ አዳራሽ ይህ የማይታሰብ ነው።

የምሽቱ ልብ ተቅሲም የሚሉት ነው። አንድ ደርዳሪ ብቻውን፣ ያለ ምት፣ አስቀድሞ ያልተጻፈውን እዚያው እየፈጠረ ይጫወታል። ዑዱን የያዘው ሰው መቃሙን፣ ማለት የዜማውን ቅኝት፣ ከታች ጀምሮ እየቆረሰ ያስተዋውቃል፤ አንዱን ድምፅ ደጋግሞ ይነካዋል፣ ይለቀዋል፣ ይመለስበታል፤ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ሌላ መቃም ዞር ብሎ አድማጩን ያስጨንቃል፣ በመጨረሻም ባልተጠበቀ መንገድ ወደ ተነሣበት ድምፅ ይወርዳል። ያን ጊዜ ነው አዳራሹ የሚመልስለት። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች «አላህ!» ይላሉ፤ አንዲት እናት «ያ ሰላም!» ይላሉ፤ ሌላው ትንፋሹን በረጅሙ ይለቃል። ይህ ምላሽ የሙዚቃው ክፍል ነው። ደርዳሪው የሚቀጥለውን ሐረግ የሚሠራው የሰማውን ምላሽ ተመርኩዞ ነው፤ ምላሽ ያጣ ደርዳሪ ተቅሲሙን አሳጥሮ ይወጣል፣ ምላሽ ያገኘ ደግሞ ራሱም ያላሰበው ቦታ ይደርሳል። ዓረቦቹ «ጠረብ» የሚሉት መመሰጥ በመድረኩና በወንበሩ መካከል የሚፈጠር እንጂ ከመድረክ ወደ ታች የሚፈስ አይደለም። በእኛ አዝማሪ ቤትም «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚያቀብለው እንግዳ ከሌለ አዝማሪው የቱንም ያህል ቢራቀቅ ቤቱ አይሞቅም፤ ስለዚህ ነገሩን ለመረዳት ከሌላው ፈረንጅ አድማጭ ይልቅ እኛ እንቀርባለን።

ከሁሉም በላይ የማረከኝ ይህ የማዳመጥ ዕውቀት ከአዛውንቱ ወደ ወጣቱ ሲተላለፍ ማየቴ ነው። በዲርቦርን የተወለዱት ልጆች ዓረብኛቸው የተሰባበረ ነው፤ ግጥሙን በሙሉ አይረዱትም። መጀመሪያ ላይ ዝም ብለው፣ እንደ ትምህርት ቤት ኮንሰርት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። በፕሮግራሙ እኩሌታ ላይ ግን የአያቶቻቸውን ፊት እያዩ የት ላይ «አላህ» እንደሚባል ያውቁ ጀመር፤ ወደ ማብቂያው አንዳንዶቹ ከአያቶቻቸው ቀድመው ይሉት ነበር። ይህን ልምድ በመጽሐፍ ወይም በቪዲዮ ማስተማር አይቻልም፤ አብሮ መቀመጥ ይፈልጋል። አንድ ተቋም ለባህሉ ከዚህ የበለጠ ምን ሊሠራ እንደሚችል እኔ አላውቅም።

ለኢትዮጵያዊ ጆሮ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። የእኛ ጆሮ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ የተቃኘ ነው፤ አራቱም በአምስት ድምፆች የሚሄዱ ቅኝቶች ናቸው። መቃም ግን ብዙውን ጊዜ በሰባት ድምፆች የሚሄድ ሲሆን፣ ራስት፣ በያቲና ሲካ በተባሉት ውስጥ በፒያኖ ላይ ከሁለት ቁልፎች መካከል የሚወድቁ ድምፆች አሉ። ዑድ አንገቱ ላይ እንደ ጊታር የተሰነጉ ብረቶች የሌሉት፣ ጣት በፈለገው ቦታ የሚያርፍበት መሣሪያ የሆነው ለዚህ ነው። አዲስ አድማጭ እነዚህን ድምፆች ሲሰማ ደርዳሪው የሳተ ይመስለዋል፤ ሰባ የተባለው የኀዘን መቃም ሲመጣ ደግሞ ግራ መጋባቱ ይብሳል። ታግሦ ለሚቀመጥ ሰው ግን ጆሮ ቶሎ ይለምዳል። ብዙዎቻችን የሱዳንን ዘፈን ያለ አስተርጓሚ የምንወደው፣ መሐመድ ወርዲንም እንደ ራሳችን ሰው የምንቆጥረው የሱዳን ዜማ በአመዛኙ ባለ አምስት ድምፅ በመሆኑ ነው፤ የደማስቆና የካይሮ ዜማ ግን ጥቂት ትዕግሥት ይጠይቃል። ዑድ ራሱ ለአገራችን ባዕድ አይደለም፤ በድሬዳዋ ተወልዶ ያደገውና በ2022 ያረፈው አሊ ቢራ ዑድ ይዞ ሲዘፍን የኖረ ሰው ነው፣ በሐረርና በድሬዳዋ ሠርግ ቤትም መሣሪያው የታወቀ ነው። ይህን የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ አዳራሹ ውስጥ ሲቀመጥ ራሱን እንደ ሩቅ ተመልካች ማየት የለበትም።

ሙዚየሙ የሚሠራውን ሥራ በትክክል ለመመዘን ከእርሱ በፊት የነበረውን ማወቅ ይጠቅማል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በኦቶማን ግዛት ሥር ከነበረችው ሶርያ፣ የዛሬዋን ሊባኖስ ጨምሮ፣ ወደ አሜሪካ የመጡት የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች በአብዛኛው ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ኒው ዮርክ ውስጥ በማንሃተን ደቡባዊ ጫፍ በዋሽንግተን ጎዳና ሰፍረው ሱቅ፣ ጋዜጣና ሙዚቃ ነበራቸው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ልጆቻቸው «መህረጃን» የሚሉትን የበጋ ጉባኤ በየግዛቱ ያዘጋጁ ነበር፤ ሁለትና ሦስት ቀን በሜዳ ላይ ተሰብስቦ መብላት፣ ደብካ መጨፈር፣ ዘፋኝ መስማት። የአዳራሽ ምሽቶቹ ደግሞ ሐፍላ ይባሉ ነበር። በሁለቱም ውስጥ የገንዘብ ስጦታ ነበረ፤ አንድ ሰው ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ወይም ለትውልድ መንደሩ ትምህርት ቤት ገንዘብ ይሰጣል፣ ስሙ በመድረክ ላይ ይጠራል፣ ዘፋኙም ያከብረዋል። እድርና የቤተ ክርስቲያን ገቢ ማሰባሰቢያ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ምንም ማብራሪያ አያሻውም። ሙዚቃው የተረፈው በመዋጮው ትከሻ ላይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ዲትሮይት በዚህ ታሪክ ውስጥ ቀደምት ቦታ አላት። አልበርት ረሺድ የተባለው ስደተኛ በ1934 የዓረብ ሙዚቃ ሸክላዎችንና የግብፅ ፊልሞችን ማስመጣትና መሸጥ የጀመረው ዲትሮይት ውስጥ ነበር፤ በ1947 ወደ ኒው ዮርክ ተዛወረ፣ ቤተሰቡም በብሩክሊን የከፈተው ሱቅ እስከ 2010 ድረስ ከካይሮና ከቤይሩት የሚመጣውን ሁሉ ለአሜሪካ ዓረቦች አዳረሰ። ከ1965 የኢሚግሬሽን ሕግ በኋላ አዳዲስ ስደተኞች ከሊባኖስ፣ ከየመን፣ ከኢራቅና ከፍልስጤም በብዛት ሲመጡ የዲርቦርን መልክ ተለወጠ። ከ1996 እስከ 2012 ድረስ በዋረን ጎዳና ላይ በየበጋው መንገድ ተዘግቶ የዓረብ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ይካሄድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ተቋረጠ። ይህ የጎዳና በዓል መቅረቱ ዛሬም ጉድለት ሆኖ ይሰማኛል፤ ምክንያቱም ሰው ትኬት ሳይቆርጥ፣ የሕፃን ጋሪ እየገፋ፣ ሻይ ይዞ ቆሞ የሚሰማው ሙዚቃ ሌላ ዓይነት ሙዚቃ ነው። የምድር ቤቱ አዳራሽ የቱንም ያህል ቢያምር ጎዳናን ሊተካ አይችልም። ደብካም እንዲሁ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ መሬት የሚረገጥበት ጭፈራ ቋሚ ወንበር ባለበት አዳራሽ ውስጥ ቦታ የለውም። ፍልስጤማውያን የሚጨፍሩት ደብካ በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሠፍሯል፤ ስለዚህ ወደ ላይ፣ ፏፏቴው ወዳለበት ወለል ወጥቶ የሚጨፈርበት ምሽት ቢደጋገም እወዳለሁ።

ሙዚየሙ ይህን ክፍተት የሚሞላበት አንዱ መንገድ በየበጋው በዲትሮይት በሚካሄደው «ኮንሰርት ኦፍ ከለርስ» የተባለ የሙዚቃ በዓል ነው። በዓሉ በ1993 ከአክሰስ መሥራቾች አንዱ በሆኑት በኢስማኤል አሕመድ ጀማሪነት የተቋቋመ ሲሆን፣ መግቢያው በነጻ ነው፤ ዓረቦች ብቻ የሚዘፍኑበትም አይደለም፣ የከተማዋን ጥቁር አሜሪካውያን፣ ላቲኖችና ሌሎችንም በአንድ መድረክ ያሰባስባል። አንድ ማኅበረሰብ በዓል ሲያዘጋጅ ጎረቤቱን ከመጋበዝ አልፎ የመድረኩ ባለቤት ማድረጉ ብልኅነት ነው። በዚያ ዓይነት መድረክ ላይ ግን ተቅሲም አይጠበቅም፤ ሜዳው ሰፊ፣ ጊዜው አጭር፣ አድማጩም ገና ከሌላ ሙዚቃ የመጣ ነው።

በማነጻጸር ረገድ ሌላ ልምድም ልጥቀስ። በአንድ ሌላ ግዛት፣ ስሙን በማልጠቅሰው የድግስ አዳራሽ፣ በተዘጋጀ ሐፍላ ላይ ተገኝቼ ነበር። ፕሮግራሙ ከተባለው ሰዓት እጅግ ዘግይቶ ጀመረ፤ ዘፋኙን ያጀበው «ኦርግ» የሚሉት ኪቦርድ ብቻ ነበር፤ ስፒከሮቹ ከመጮኻቸው የተነሣ በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጡ ሰዎች እንኳ መነጋገር አቅቷቸው ነበር። ዑድ ይዞ የመጣ አንድ ወጣት ከዘፋኙ ጎን ተቀምጦ ሲደረድር ታየኝ እንጂ ድምፁን አንድም ጊዜ አልሰማሁትም። በኪቦርድ ላይ ሩብ ድምፅ፣ ያን በሁለት ቁልፎች መካከል የሚወድቀውን፣ ማውጣት ይቻላል፤ የዓረቡ ገበያ ለዚህ የተዘጋጁ ኪቦርዶች አሉት፤ ነገር ግን ከደርዳሪው ጣት የሚመጣውን መንቀጥቀጥና ማመንታት ማሽን አያመጣውም። የእኛንም የዲያስፖራ አዳራሾች ያየ ሰው ይህ ችግር የዓረቦች ብቻ አለመሆኑን ያውቃል፤ ክራርና መሰንቆ በአንድ ኪቦርድ ተተክተው፣ የሚከፈለው ብዙ ሆኖ የሚሰማው ጥቂት የሆነበት ስንት ምሽት አሳልፈናል። የዲርቦርኑ ቤት ዋጋ የሚታወቀው ከዚህ ጋር ሲተያይ ነው።

በትልቅ መድረክ ጥሩ ነገር መሥራት አይቻልም ማለቴ ግን አይደለም። መቀመጫውን እዚሁ በዲትሮይት አካባቢ ያደረገውና ማይክል ኢብራሂም ያቋቋመውና የሚመራው ናሽናል አረብ ኦርኬስትራ፣ ቫዮሊኖቹንና ቼሎዎቹን ከዑድ፣ ከቃኑንና ከናይ ጋር አስተባብሮ፣ መዘምራን ጨምሮ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በካይሮ የነበረውን የትልቅ ጓድ ድምፅ ያስነሣል። ከኮንሰርቶቹ በላይ የሚያስመሰግነው በዲትሮይት ትምህርት ቤቶች የሚሠራው ሥራ ነው፤ ዓረብኛ ሰምተው የማያውቁ ተማሪዎች የዓረብኛ ዘፈኖችን ያጠናሉ፣ ከዚያም ከኦርኬስትራው ጋር መድረክ ላይ ይወጣሉ። የሙዚየሙ ምሽትና የኦርኬስትራው ኮንሰርት የሚፎካከሩ አይደሉም። ጊዜ ያለው ሰው ሁለቱንም ይስማ፤ አንዱን ብቻ መምረጥ ካለበት ግን እኔ ወደ ትንሹ አዳራሽ እመራዋለሁ።

አሁን ቅር ወደሚያሰኘኝ ነገር ልምጣ፤ ይህ የሚመለከተው አንዱን ቤት ሳይሆን በአሜሪካ ያሉትን የዓረብ ሙዚቃ ዝግጅቶች በጠቅላላው ነው። አንደኛው የዘፈን ርዝመት ነው። ግብፃዊቷ ዘፋኝ ኡሙ ኩልሱም በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ማታ በካይሮ ሬዲዮ ስትዘፍን አንድ ዘፈን ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ አንዷን ስንኝ አድማጩ ሲጠይቃት ደጋግማ፣ እያንዳንዱን ጊዜ በተለየ አወጣጥ ትዘፍናት ነበር። በ1967 በፓሪስ ኦሎምፒያ አዳራሽ ስትዘፍንም ስደተኞቹ ከያሉበት የጎረፉት ያን ርዝመት ፈልገው ነው። ዛሬ በዲያስፖራ ያሉ ዝግጅቶች ግን ብዙ ዘፋኝና ብዙ ዘፈን በአንድ ምሽት ለማሳየት ሲሉ ዘፈኑን ቆራርጠው መግቢያውንና አንድ ስንኝ ብቻ ያቀርባሉ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ልጆች ይሰለቻሉ፣ የአዳራሽ ኪራይ በሰዓት ነው። ሆኖም መደጋገም የሌለበት የዓረብ ዘፈን አጥንቱ የወጣ ነው። በዓመት አንድ ምሽት እንኳ አንድ ረጅም ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ የሚዘፈንበት ፕሮግራም ቢኖር እኔ ትኬቴን አስቀድሜ እቆርጣለሁ።

ሁለተኛው ከየት አገር የመጣ ሙዚቃ ይቀርባል የሚለው ነው። በአብዛኛው መድረኩን የሚይዙት የግብፅና የሶርያ፣ የሊባኖስና የፍልስጤም ዜማዎች ናቸው። ውበታቸው አያጠራጥርም፤ የሐለብ ቁዱድ የሚባሉት ዘፈኖች በ2021 በዩኔስኮ የተመዘገቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ በዲርቦርን ደቡብ ሰፈር፣ ከፋብሪካው ጎን፣ ለዓመታት የኖሩት የመናውያን የራሳቸው የሰንዓ ዘፈን አላቸው፤ ኢራቃውያን የራሳቸው መቃም አላቸው፤ በዲትሮይት አካባቢ በብዛት የሚኖሩት ከለዳውያን ደግሞ ከኢራቅ የመጡ ሆነው የሚናገሩት የአራማይክ ዘር የሆነ ቋንቋ ነው፣ ራሳቸውን ዓረብ የማይሉም ብዙ ናቸው። የሱዳን ሙዚቃማ ሲቀርብ የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው። በአገራችን በየከተማው የነበረውን የዓረብ ሱቅ የሚያስታውስ ሰው፣ ከባለ ሱቁ ቴፕ ይወጣ የነበረው የየመን ዘፈን እንደነበረ ያስታውሳል፤ የዓረብ ሙዚቃ ለእኛ መጀመሪያ የገባው በዚያ በኩል ነው። የመናዊ ዘፋኝ ዲርቦርን ውስጥ ከሠርግ አዳራሽ ወጥቶ በዚህ ጸጥ ባለ አዳራሽ ሲቀርብ መስማት እመኛለሁ።

ከመድረክ የሚነገረው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ዓረብኛ የማይሰማ እንግዳ አይቸገርም። የዘፈኑን ግጥም ግን ሁልጊዜ ተርጉመው አይሰጡም፤ ስለዚህ በቅድሚያ ፕሮግራሙን አይቶ የዘፈኖቹን ርእስ መፈለግ ያተርፋል።

ልጆች ይዞ መሄድ ይቻል እንደሆነ ለሚጠይቁኝ፣ አዎን ይቻላል እላለሁ። ቀደም ብሎ ደርሶ የላይኛውን ፎቅ ማሳየት ጥሩ ነው፤ ስደተኞቹ በሻንጣቸው ይዘው የመጡትን ያየ ልጅ፣ በኋላ ዑዱ ሲደረደር የሚሰማው ነገር ከየት እንደመጣ ይገባዋል። ለጥናት የሚመጣ ሰው ደግሞ የሙዚየሙን ቤተ መጻሕፍት አይለፈው፤ ስለ ዓረብ አሜሪካውያን የተጻፉ መጻሕፍትና የቃል ታሪክ ቅጂዎች አሉት። እኛ በዚህ አገር ያለን ማኅበራት የአዛውንቶቻችንን ድምፅ የምንቀዳበት እንዲህ ያለ ቤት ገና የለንም፤ መሪዎቻችን መጥተው ቢያዩት፣ አሠራሩንም ቢጠይቁ ደስ ይለኛል።

ከምሽቱ በኋላ ርቦት የሚወጣ ሰው በዲርቦርን አይቸገርም። በ1979 የተቋቋመው የሻቲላ ጣፋጭ ቤት በዋረን ጎዳና ላይ ነው፤ ባቅላዋውና ከናፌው ስሙን ያስጠራው ነው፣ ቤተሰብም እስከ ማታ ድረስ ሞልቶ ሲጨዋወት ይታያል። የሊባኖስ ምግብ በወጉ መብላት ለሚፈልግ በ1989 የተከፈተውና በ2016 በአሜሪካ ለምግብ ቤቶች የሚሰጠውን የጄምስ ቢርድን ሽልማት ያገኘው አል አሚር አለ። የጾም ወቅት ላይ የሚሄድ ክርስቲያን ሁሙስ፣ ፈላፍል፣ የምስር ሾርባና ፉል ስለሚያገኝ ሳይቸገር ይመገባል።

ከኮሎምበስ ኦሃዮ በመኪና ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ ከቺካጎ የሚመጣ ሰው ዲርቦርን ድረስ የሚያደርስ የአምትራክ ባቡር አለው። ፕሮግራሙ በየወቅቱ ስለሚለያይና አዳራሹ ቶሎ ስለሚሞላ ትኬትን አስቀድሞ መያዝ ይበጃል። የመቀመጫ ምርጫ ካገኙ ከፊት፣ በቃኑን በኩል ይቀመጡ፤ አዛውንቶቹም የሚቀመጡት በዚያው አካባቢ ስለሆነ ምላሹን ከምንጩ ይሰማሉ። ለሙዚየሙ የፕሮግራም አዘጋጆችም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የቀይ ባሕርን ሁለት ዳርቻ ሙዚቃ፣ የየመኑን ከሐረርና ከድሬዳዋው የዑድ አደራደር ጋር፣ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ አንድ ምሽት ቢያዘጋጁ፣ ከኮሎምበስም ከቺካጎም መጥተን ወንበሩን የምንሞላ ሐበሾች አለን።